የሐጁ «ኸላስ»

ሐጁ መርፌው ቤት ውስጥ እያለ አራት ቀን ደርቀው እንዲቀመጡ ተደረጉ። ይህን ያደረገው የፓርኪንሰን በሽታቸው አይደለም፤ ሰው ነው። ተጽፎ እንዲቀመጥ የምፈልገው ይኸው ነው።

ዐረብ አገር፣ ማዓዲ በሚባል ሰፈር፣ እሳቸው ቤት አስታማሚ ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ቀን አንዲት ነርስ መርፌውን አሳየችኝ። እስክሪብቶ ይመስላል። መጠኑን ሐኪሙ ወስኖታል። የእኔ ሥራ አዲስ መርፌ መግጠም፣ ቁጥሩን ማየት፣ ሆዳቸው ላይ ከቆዳ ሥር መውጋት፣ በየጊዜው ቦታ መቀየር ነው። «የክኒኑ ኃይል ድንገት አልቆ ሰውነታቸው ሲቆለፍ ይህ ቶሎ ይፈታቸዋል። ወዲያው ግን አታስነሻቸው፤ የደም ግፊታቸው ይወርዳል» አለችኝ። እሷ እያየችኝ ሦስት ጊዜ ወጋሁ።

ሐጁ ሲቆለፉ ከአፋቸው አንዲት ቃል ብቻ ትወጣለች፤ ኸላስ።

ልጃቸው፣ ማዳም የምላት፣ እሑድ ጠዋት ሰማቻቸው። «ባባ በቃኝ እያለ ነው። እምቢ ያለን ሰው አትወጊም» ብላ መርፌውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችና ቁልፉን ይዛ ሥራ ሄደች።

ኸላስ «በቃ»ም ነው፣ «አለቀ»ም ነው። ክኒኑ ሲሠራላቸው ራሳቸውን ጠየቅኳቸው። «አለቀ ማለቴ ነው። ንገሪያት» አሉኝ። ማታ ስትመጣ ተኝተው ነበር። ነገርኳት።

«ኡም ዳዊት፣ ዐረብኛ ልታስተምሪኝ ነው?» አለችኝ፣ የዳዊት እናት ማለቷ ነው።

«ዐረብኛው የአንቺ ነው ማዳም። አብሬያቸው የምውለው ግን እኔ ነኝ።»

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ማክሰኞ አፋቸው ሲፈታ እንዲያናግሯት ሁለት ጊዜ ደወልኩ፤ አላነሳችም። ወዲያው ተቆለፉ። ፊታቸው ላይ ያረፈችውን ዝንብ እንኳ እሽ ማለት አቃታቸው። ሽንት ቤት ሳንደርስ ልብሳቸው ረጠበ። ያን ትልቅ ሰው እያጠብኩ ልጃቸውን ሰደብኩ፤ በአማርኛ ስለሆነ አልገባቸውም።

ረቡዕ የሐኪም ቀጠሮ ነበር። ማዳም ውጭ ጠብቂ አለችኝ። አልወጣም አልኩ። ሐጁ ተቆልፈው ስለነበር ሐኪሙ ወጋቸው፤ ጥቂት ቆይተው አንደበታቸው ተፈታ።

«ዶክተር፣ ኸላስ ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? ይጠይቁልኝ» አልኩ።

«መድኃኒቱ ከሰውነቴ አለቀ፣ ማለትም ውጉኝ ማለቴ ነው» አሉ ሐጁ። ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ቤቴ ውስጥ ዐረብኛ የምታውቀው ይቺ ሐበሻ ብቻ ናት?»

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ፦ በሽተኛውን መናገር ሲችል ጠይቁት፤ የተናገረውንም ቤተሰቡ ከራሱ አፍ ይስማ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ማዳም የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ሰጠችኝ።

«ማክሰኞ ስደውልልሽ ለምን አላነሳሽም?» አልኳት።

«የዕረፍት ፈቃድ ልትጠይቂኝ መስሎኝ ነው» አለች።