ሳያሳጥር የቆረጠው ሱጊማን

ፍልስፍና ሳስተምር አረጀሁ፤ ስለ ባዶነት የሚረባ ነገር የተማርኩት ግን ከጎረቤቴ ከሱጊማን ነው። ሱጊማን በክላተን ከተማ አጠገብ ባለችው መንደራችን ራዲዮ ጣቢያ ሃያ ዓመት ድምፅ ቀድቷል።

አንድ ጠዋት ጣቢያው ተቀምጠን ቴምፔ የሚሉትን የአኩሪ አተር ጥብስ ስንበላ፣ የሰማንያ ሁለት ዓመቷ ዘፋኝ፣ ሁሉም «ምባ» ማለት እማማ የሚላቸው ምባ ካርሲየም፣ ከች አሉ።

«ነገ ሐኪሙ ጉሮሮዬን ይቀደዋል፤ አንተ ዛሬውኑ ቅዳው!»

ሱጊማን ኮምፒውተሩን ከፍቶ አየ። ዲስኩ ጢም ብሏል። ቦታውን የያዘው የመንደሩ በዓል ቅጂ ነው፤ ከመሐሉ አርባ ደቂቃው የሹማችን የፓክ ዳርሶኖ ንግግር። እሳቸውም አብረውን ቴምፔ እየበሉ ነው።

«ፓክ፣ ንግግርዎን ትንሽ ብነካካው?»

«አንዲት ደቂቃ ብታሳጥር ጣቢያውን እዘጋዋለሁ!»

«አንተ ዳርሶኖ፣» አሉ ምባ ካርሲየም፣ «ስትወለድም አላልቅ ብለህ እናትህን ሁለት ቀን አስጮህካት።»

ሱጊማን አሰበ። እንደ ወትሮው ንግግሩን ቆርጦ ግራ ቀኙን ቢያጋጥም፣ የተረፈውን ቅጂ ሌላ ቦታ መገልበጥ ሊኖርበት ነው፤ ቦታ ደግሞ የለም።

«አንዲት ደቂቃ አላሳጥርም» አለና አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፈ። በጆሮዬም «ፋይሉን በሳሁት» አለኝ። ርዝመቱ እንዳለ ነው፤ ንግግሩ የተኛባቸው የዲስኩ ክፍሎች ግን ተለቀቁ። ቅጂው ሲከፈት እዚያ ላይ የሚሰማው ባዶ ጸጥታ ነው። ሰላምታውንና ጭብጨባውን አልነካም።

ምባ ካርሲየም ዘፈኑ።

እሑድ የበዓሉ ቅጂ ተላለፈ። ፓክ ዳርሶኖ ሕዝቡን ሰላም አሉ፤ አርባ ደቂቃ ጸጥ፤ ከዚያ የሞቀ ጭብጨባ። ሚስታቸው «ዛሬ ገና አማረብህ» አሏቸው።

ሹሙ ቁልፍ ይዘው ጣቢያው ደረሱ። «ንግግሬስ?»

«ይቁጠሩት ፓክ፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ።»

«ውጣ! ልዘጋው ነው!»

በዚህ መሐል ቀጣዩ ዝግጅት ጀመረ፤ የምባ ካርሲየም ድምፅ። እሳቸው ራሳቸው ጉሮሯቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሐኪሙ ከእንግዲህ መዝፈን የለም ብሏቸዋል። ሹሙ ቁልፉን እንደያዙ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ቆመው ሰሙ።

«ዲስኩ ሞልቶ አልነበር? ይሄ የት ተቀምጦ ነው?»

«እርስዎ በነበሩበት ቦታ ላይ።»

ሹሙ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እንግዲያው ስሜ ይጠራ።»

ያ ዘፈን ዛሬም ሲተላለፍ አስተዋዋቂዋ «ቦታ በመልቀቅ የተባበሩን ፓክ ዳርሶኖ» ትላለች። ሹሙ በሕይወታቸው የተናገሩትን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ዝምታ የጠቀመን የለም።