ውሃ ትፈራለች የተባለችው እናቴ

ነገሩ የሆነው በፈረንጆች 2014 ሰመር ላይ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። የነገርኳቸው ሰዎችም «ለዚህ ነው እንዴ እንዲህ የሆንሽው?» ይሉኛል። እኔ ግን እስከ ዛሬ አንድ ሰው ስለ መርከብ ሽርሽር ባነሳ ቁጥር ሆድ ይብሰኛል። ተናግሬው አልወጣልኝ ስላለ ነው የምጽፈው።

የምኖረው ከሲያትል በስተደቡብ ፌደራል ዌይ ከልጄ ከሄለን ጋር ነው። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የምሠራው አዛውንቶችን በሚንከባከብ ቤት ውስጥ ሲሆን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ገቢ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ዳዊት ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ከሲያትል በስተሰሜን ሾርላይን ይኖራል። አሜሪካ ቀድሜ የመጣሁት እኔ ነኝ። የእሱን የዲቪ ፎርም የሞላሁለት፣ ሲመጣ ኤርፖርት የተቀበልኩት፣ መንጃ ፈቃድ እስኪያወጣ ድረስ በመኪናዬ ያመላለስኩት እኔው ነኝ። ይህን የምለው ውለታ ለመቁጠር አይደለም። ኧረ ለምን እዋሻለሁ፣ ለመቁጠር ነው።

በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ እናታችን ለስድስት ወር ልትጠይቀን መጣች። የመጀመሪያው እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ከአይ ፋይቭ አውራ ጎዳና ላይ በሕንፃዎቹ መሀል ውሃው ታያት።

«ሙሉዬ፣ ይሄ ሁሉ ውሃ የማን ነው?» አለችኝ።

«የማንም አይደለም እማዬ፣ ባሕር ነው።»

«ታዲያ እንዲህ ተኝቶ ይውላል? ማንም አይነካውም?» አለችና እስኪጠፋ ድረስ አንገቷን አዙራ ስታየው ቆየች።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የቧንቧ ውሃ መጣ ሄደ እያለች ጀሪካን ስታሰልፍ የኖረች ሴት ናት። መርከብ የምታውቀው በቴሌቪዥን ብቻ ነው። አንጀቴን በላችው። መርከብ ላይ ሳላወጣት አገሯ አልመልሳትም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

በዚያው ሰሞን ሥራ ቦታ አንዲት ነርስ ስለ ዓመታዊ ፓስ ነገረችኝ። ከዳውንታውን የሚነሳ የሽርሽር መርከብ አለ። ፓሱን የገዛ ሰው ዓመቱን ሙሉ እንዳሻው ይሳፈራል። ዋጋው የአራት ጊዜ ትኬት ያህል ስለሆነ ከአራት ጊዜ በላይ የሄደ ሰው ተጠቀመ ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ይገዛው ነበር። እኔ ግን ካልሲ ለመግዛት እንኳ ሦስት ሱቅ የምዞር ሰው ነኝ።

የቤተ ክርስቲያኑን ካላንደር ከግድግዳ አውርጄ በእርሳስ ቀን መሰረዝ ጀመርኩ። እናቴ በጾም ሽርሽር አትወጣም፤ ስለዚህ የሰኔ ጾም ተሰረዘ። ፍልሰታም ተሰረዘ፤ ያውም የሲያትል ሰማይ ጥርት ብሎ የሚታየው በፍልሰታ ነው። ቅዳሜ እኔ ሥራ ነኝ። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አለ። ከኦክቶበር በኋላ ዝናብ ነው። ሁሉን ሰርዤ ሳበቃ ስምንት የእሑድ ከሰዓቶች ቀሩኝ። ከስምንቱ ሦስቱ ባይሳኩ አምስት ይቀራል፤ አምስት ደግሞ ከአራት ይበልጣል። ያዋጣል አልኩ።

ግን ለብቻዬ መወሰን ፈራሁና ሰኔ ላይ ለዳዊት ደወልኩለት።

«ሲስ፣ ዋጋ የለውም» አለኝ ገና ሳልጨርስ። «አንዴ ካየሽው አየሽው ነው፣ ሁለተኛ ቦሪንግ ነው። ደግሞ እማዬ ውሃ ትፈራለች፣ አታውቂም እንዴ? ሶ፣ ገንዘብሽን ዌስት አታድርጊ።»

እናቴ ውሃ እንደምትፈራ አላውቅም ነበር። ከሥራ ስመለስ እግሯን በሙቅ ውሃ እያሸሁላት ጠየቅኳት። «እፈራለሁ» አለች። «ደግሞስ በዚህ ዕድሜዬ መርከብ ምን ይሠራልኛል? አንቺ ሥራሽን ሥሪ።»

እናት ፈራሁ ካለች ፈራች ነው። ካላንደሩን መልሼ ሰቀልኩት።

ከዚያ በኋላ ኑሯችን መልክ ያዘ። እናቴ ሳምንቱን እኔ ጋ ትሆናለች። ዓርብ ዳዊት መጥቶ ይወስዳታል፤ ቅዳሜን ሾርላይን ትውላለች፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ተገናኝተን ከእኔ ጋር ትመለሳለች። ቅዳሜ ሄለን የአማርኛ ትምህርት ስላላት እዚያ አትሄድም። «ቅዳሜ እንዴት ነበር?» ብዬ ስጠይቃት እናቴ «ምን አለ ብለሽ፣ ቤት ተዘግቶብን ዋልን» ትለኛለች። አሮጊት እናቴ የሰው አገር ላይ ቤት ተዘግቶባት ስትውል እያሰብኩ አዝናለሁ።

ፊቷ ግን ከሳምንት ሳምንት እየጠቆረና እየደረቀ መጣ። ከንፈሯም ተሰነጣጠቀ። አየሩ አልተስማማትም ብዬ ቫዝሊን ገዛሁላት። አልሻል ሲላት ፋርማሲ ሄጄ አማክሬ ሌላ ቅባት አመጣሁ። በየቀኑ ፊቷን እየቀባሁ «እማዬ ውሃ ጠጪ፣ ውሃ ስለማትጠጪ ነው» እላታለሁ። እሷም «እሺ ልጄ» እያለች ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ትሰጠኛለች።

ኦገስት መጨረሻ ላይ እናቴ አንድ አዲስ ቃል ጀመረች። ወደ የትም ልንሄድ ስንል የመኪናውን በር ይዛ «ኦላቦር! ኦላቦር!» ትላለች። ፍጠኑ እንደማለት ነው የምትለው። እናቴ የተወለደችው ወሊሶ አካባቢ ስለሆነ ኦሮምኛ አሳምራ ትናገራለች፤ እኔ ግን አልችልም። የልጅነት ቋንቋዋ ትዝ ብሏት ነው ብዬ ደስ አለኝ። እንዲያውም እኔም ቃሉን ለመድኩትና ሥራ ቦታ አብረውኝ ለሚሠሩት ለጋሽ ደበላ «ጋሽ ደበላ፣ ኦላቦር!» አልኳቸው፣ በቋንቋቸው ላስደስታቸው ብዬ።

ጋሽ ደበላ ግራ ገባቸው። «ምን ማለትሽ ነው ልጄ? ‘ኦላ’ ጎረቤት ነው። ‘ቦሩ’ ነገ ነው። የነገ ጎረቤት?» ብለው ብዙ አሰቡ። ከዚያ ለእኔ አዝነው መሰለኝ «እኛ ወለጋ አንለውም፣ ምናልባት ወሊሶ ይሉት ይሆናል» አሉኝ።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ሄለንን ከትምህርት ቤት አስቀርቼ፣ ዳዊትም ከነቤተሰቡ እዚያ እንዲያገኘን ተነጋግረን፣ ሦስታችን ነጭ በነጭ ለብሰን ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ተነሣን። እናቴ እንደ ልማዷ የመኪናውን በር ያዘችና «በሉ ኦላቦር!» አለች።

«እማዬ፣ ይሄን ቃል ጋሽ ደበላ እንኳ አያውቁትም። ምን ማለት ነው?» አልኳት።

ሄለን ከኋላ ወንበር ሳቀች። «ማም! ሺ ሚንስ ኦል አቦርድ። ላይክ ኦን ኤ ቦት!» አለች። ቃሉ እንግሊዝኛ ነው ለካ፤ መርከብ ሊነሳ ሲል ተሳፋሪውን የሚጠሩበት።

እናቴ ደስ ብሏት ከጎኔ ተቀመጠች። «አዎ፣ ተሳፈሩ ማለት ነው! ያ ቀይ ጢም ያለው ሰውዬ ሰንሰለቱን ከመዝጋቱ በፊት ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚ...» አለችና አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ሞተሩን አስነስቼ እጄ መሪው ላይ ቀረ።

«የቱ ሰውዬ?»

ነጠላዋን ከአፏ አላወረደችም።

«እማዬ፣ መርከብ ላይ ወጥተሻል?»

«ወጥቻለሁ» አለች ወደ መስኮቱ ዞራ።

«ስንት ጊዜ?»

«እንጃ፣ አልቆጠርኩትም።»

አንዴ ወይም ሁለቴ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ ስምንት ቀን ፍለጋ ካላንደር ስሰርዝ የከረምኩት ሴትዮ፣ እናቴ የወጣችበትን ብዛት መቁጠር አቅቷት ነው የምሰማው። «በፍልሰታም?» ብዬ ጠየቅኳት፣ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ።

«ምግብ እኮ አልበላሁም» አለችኝ።

ኖርዝጌት የሚባለውን ሰፈር እስክናልፍ ሒሳቡን ሠራሁት፤ ይህን ያህል ጊዜ በትኬት አይወጣም፣ ዳዊት ፓስ አለው። ያ ስቀባው የከረምኩት ፊት የባሕር ነፋስ የመታው ፊት እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። ቅባቱን የገዛሁበት ቀን ሁሉ ትዝ ይለኝ ጀመር። እንባዬ መጣ፤ ሄለን እንዳታየኝ የፀሐይ መነፅሬን አደረግኩ።

ዳዊትን ያገኘሁት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ መኪናውን ሲያቆም ነው። «እንኳን አደረሰሽ» ብሎ ሊስመኝ ሲመጣ ሸሸሁት። ሚስቱ ሁኔታዬን አይታ ልጆቹን ይዛ ቀድማ ገባች።

«ውሃ ትፈራለች አላልከኝም?» አልኩት።

አንዴ እናታችንን አንዴ እኔን አየ። «ኦኬ ሲስ፣ ካልም ዳውን። እዚህ አይሆንም።»

«እዚሁ ይሆናል። ፓሱን መቼ ነው የገዛኸው?»

«እማዬ በመጣች በሳምንቱ። ፕላን አድርጌ ሳይሆን...»

ሰኔ ላይ ዋጋ የለውም ሲለኝ ፓሱ ኪሱ ውስጥ ነበር ማለት ነው። «ታዲያ ለምን ዋሸኸኝ? የራሴን ልገዛ አልነበረም እንዴ? ያንተን ፓስ ማን ጠየቀህ?»

«ገዝተሽ እሑድ እሑድ አንቺ ልትወስጃት ነበር» አለ። «አንቺ ከወሰድሻት በኋላ እኔ ምን ላሳያት? ሳምንቱን ሙሉ አንቺ ጋ ናት። ኤርፖርት የተቀበልሻት አንቺ፣ ዶክተር ጋ የምትወስጃት አንቺ። አንድ ነገር እኔ ላሳያት ፈለግኩ። ዛት ኢዝ ኦል።»

ድምፁ ተሰብሮ ነበር። አሁን ሳስበው ነው ይሄ ትዝ የሚለኝ፤ ያን ዕለት ግን ጆሮዬ አልሰማም። ወደ እናቴ ዞርኩ።

«አንቺስ እማዬ? እሱ ይዋሽ። አንቺ እንዴት?»

«አደራ እንዳትነግሪያት አለኝ። አደራ እንዴት ልብላ?» አለች።

«እኔን መዋሸትስ ይቻላል?»

እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። ልታጽናናኝ መሆኑን አውቃለሁ። «አንቺማ ቻይ ነሽ» አለችኝ። «እሱ ሆደ ባሻ ነው፣ ታውቂው የለም? አንቺ ብታውቂም ትችይዋለሽ ብዬ ነው።»

ቅዳሴው እንዴት እንዳለቀ አላውቅም። ከሴቶቹ መሀል ቆሜ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከሁለት ልጆቿ አንዳችንን መዋሸት ነበረባት፣ እናቴ መርጣ እኔን ዋሸች፤ የመረጠችኝም ስለምችለው ነው።

ኦክቶበር መግቢያ ላይ ዝናቡ ሳይጠና እናቴ «እስቲ አንድ ቀን ደግሞ አንቺ ውሰጂኝ» አለችኝ። ልቤ ሊራራ ነበር። አፌ ግን ቀደመና «ውሃ ትፈሪ የለም እንዴ?» አልኳት። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። ኖቬምበር ላይ አገሯ ገባች። እኔና እሷ አንድ ቀን እንኳ መርከብ ላይ ሳንወጣ ቀረን። ይሄኛው ጥፋት የእኔ ነው፣ በማንም አላሳብብም።

ከሁለት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ልጠይቃት ሄድኩ። ሳሎኗ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ከቴሌቪዥኑ በላይ የተሰቀለ ትልቅ ፎቶ ነው። መርከብ ላይ ናቸው። እናቴ መሀል ላይ ነጠላዋን ነፋስ እያነሳባት ትስቃለች፤ በግራ በቀኟ ዳዊት፣ ሚስቱና ሁለቱ ልጆቹ ቆመዋል። እናቴን እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

በማግስቱ ጎረቤቶች እንኳን ደህና መጣሽ ሊሉኝ መጡ። ከእነሱ አንዷ፣ እማማ የሺ የሚባሉ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት፣ ፎቶውን ቀና ብለው አዩና «ሁሉም አሉ። ሙሉ ብቻ ናት የሌለችው። ምነው እሷስ?» አሉ።

እናቴ የያዘችውን ሰሃን አስቀመጠች። «እሷማ ፎቶ አንሺዋ ናት» አለች ፈጠን ብላ። «ይሄንን ያነሳችው እሷ እኮ ናት፣ ለዚያ ነው የማትታየው።»

ይህን ስትል ቃሉ የተለማመደችው እንደሆነ ገባኝ። ለመጣ እንግዳ ሁሉ እንዲህ ስትል ነው የከረመችው። ዓይኗን ወደ እኔ አመጣችና እዚያው ተወችው። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩኝ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ ያነሳሁት» አልኩ።

እማማ የሺ ወደ ፎቶው ቀረብ ብለው ደግመው አዩት። «እጅሽ ይባረክ ልጄ» አሉኝ። «ማንንም ሳትቆርጪ ነው ያነሳሻቸው።»

«አሜን» አልኩ።

እናቴ ሰሃኗን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ስለዚያ ፎቶ እኔና እሷ እስከ ዛሬ ተነጋግረን አናውቅም። በየሳምንቱ እንደዋወላለን፤ ከዳዊትም ጋር በየበዓሉ እንጠያየቃለን። ተቀይመሽ ነው ወይ ብትሉኝ አይደለሁም እላለሁ። ግን እናቴ ቪድዮ ስትደውልልኝ ከኋላዋ ያ ፎቶ ይታያል። እያየሁት ከእሷ ጋር ማውራት ስለማልችል ስልኩን ገልብጬ ድምፅዋን ብቻ እሰማለሁ።