እጅ ለማውጣት የተሰፋ ኮት

የምክር ቤት ተወካያችንን ከሌላው መራጭ ሁሉ ይልቅ እኔ አውቃቸዋለሁ። ፖለቲካ ስለምከታተል አይደለም፤ ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ነው። የደረታቸውን ልክ አውቃለሁ፣ ቀኝ ትከሻቸው ከግራው ዝቅ እንደሚል አውቃለሁ፣ ከተመረጡ ወዲህ ወገባቸው ስንት ጣት እንደጨመረም አውቃለሁ። ይህን የምጽፈው ግን ስለ ወገባቸው አይደለም፤ ስለ ቀኝ ክንዳቸው ነው።

የስፌት ቤቴ ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ነበር። ቤት ልበለው እንጂ አንድ ክፍል ነው። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ውስጡ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያና መደርደሪያ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ቴሌቪዥን። ግቢው የሌላ ሰው ነው፤ እኔ ተከራይ ነበርኩ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እዚያው ሠርቼ ልጄን አሳድጌበታለሁ። ቁልፍ የሚተክሉልኝና ጠርዝ የሚዘመዝሙልኝ በዕድሜ የሚበልጡኝ አንዲት ሴት ነበሩ፤ እትዬ እላቸዋለሁ።

ተወካያችን ከመመረጣቸው በፊት ጀምሮ ደንበኛዬ ናቸው። ያኔ ኦሎምፒያ ቢሮ ነበራቸው፤ ሱሪ ለማሳጠር፣ ሸሚዝ ለማጥበብ እኛ ጋ ይወርዱ ነበር። ጨዋታ ያውቃሉ፣ ሰላምታቸው ሙሉ ነው፣ ልጄን በስሟ ጠርተው ይጠይቃሉ። ስለዚህ ሲወዳደሩ ራሴ መምረጤ አልበቃኝም፤ የጎረቤቱን በር እያንኳኳሁ «ሰው ማለት እሳቸው ናቸው» ስል ከረምኩ። ይህንንም አልደብቅም።

ከተመረጡ በኋላ አንድ ግራጫ ሙሉ ልብስ ይዘው መጡ። ጨርቁ ጥሩ ነው፤ ሲሰፋ ግን ቀጭን ሰው ታስቦ ነው የተሰፋው።

«ችግሩ ምን መሰለሽ?» አሉኝ ኮቱን ለብሰው መስታወቱ ፊት ቆመው። «እጄን ሳወጣ ኮቱ ሁሉ አብሮኝ ይወጣል። ሸሚዜ ተጎልጉሎ ይታያል። በቴሌቪዥን ሳየው በራሴ አፈርኩ።»

«እስቲ ያውጡ» አልኳቸው።

አወጡ። እውነታቸውን ነው፤ ኮቱ ከቀበቶው በላይ ተሰቀለ። እትዬ ጥጋቸው ላይ ሆነው ጥርሳቸው መሀል ክር እንደያዙ ሳቁ።

ብብቱን ተረተርኩና ከሥሩ ቁራጭ ጨርቅ ጨመርኩበት። ኮት የለበሰ ሰው እጁን እንደልቡ እንዲያወጣ የሚያደርገው ያ ቁራጭ ነው። ልኩን ግራጫ ፍለጋ መርካቶ ድረስ ሄጄ አጣሁት፤ ያገኘሁት ትንሽ ጠቆር ያለ ነው። ሊወስዱ ሲመጡ አልደበቅኳቸውም።

«ቀለሙ ትንሽ ይለያል። ግን እጅዎን ካላወጡ ማንም አያየውም።»

«እጅ ማውጣትማ ሥራዬ ሆነ እኮ!» ብለው ሳቁ።

እኔም አብሬ ሳቅሁ። ኮርቼ ነበር። የሰፈራችን ሰው በዚያ ትልቅ አዳራሽ እጁን ሲያወጣ በእኔ ስፌት ነው እያልኩ ለደንበኛ ሁሉ አወራ ነበር።

ከዚያ ረቂቅ አዋጁ መጣ። ቦታ ለልማት ሲፈለግ ባለይዞታው ካሳና ምትክ ያገኛል፤ ግቢው ውስጥ ተከራይቶ የሚሠራ ሰው ግን ምንም አይገባውም የሚል አንቀጽ ነበረበት። እኛ ግቢ ውስጥ ልብስ ሰፊ፣ ጫማ ሰፊና በያጅ ነበርን፤ ሁላችንም ተከራይ። የግቢው አጥር ደግሞ ቀይ ቀለም ከተቀባ ሰንብቷል፤ ቀይ የተቀባ እንደሚፈርስ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አንቀጹ ካለፈ ባዶ እጃችንን እንወጣለን ማለት ነው። ተወካያችን በዚያው ሰሞን ሱሪ ሊያስተኩሱ ሲመጡ ነገሩን አነሳሁባቸው።

«ይቺ ክፍል ከሄደች እኔም አለቀልኝ» አልኳቸው።

«አንቺ ደግሞ! እኔ እያለሁ?» አሉኝ። አመንኳቸው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት እኔና እትዬ ሥራ ይዘን ስብሰባውን በቴሌቪዥን ስንከታተል፣ ረቂቁ ለድምፅ ቀረበ። አፈ ጉባኤው «የምትደግፉ?» አሉ። ካሜራው በወንበሮቹ ላይ ዞረ። ክንድ ብቻ ነው የሚታየው፤ ፊቱ ከዚያ ርቀት አይለይም። መጨረሻ ላይም የሚነገረው ቁጥር ነው እንጂ ስም አይደለም። ይህን ያህል ድጋፍ፣ ይህን ያህል ተቃውሞ፣ ይህን ያህል ድምፀ ተዓቅቦ፣ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ፤ በቃ። መራጩ የእሱ ሰው የትኛው ቁጥር ውስጥ እንደገባ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። እኔ ግን ነበረኝ። ከአንዱ ረድፍ ዳር አንድ ግራጫ ክንድ ወጣ። ኮቱ ንቅንቅ አላለም፣ ሸሚዝም አልታየም፤ ከብብቱ ሥር ያቺ ጠቆር ያለች ቁራጭ ጨርቄ ቁልጭ ብላ ታየች።

«እትዬ፣ አዩ?»

«አየሁ» አሉ እትዬ ካውያውን አስቀምጠው። «ምነው ባላየሁ።»

ይህን ሳስታውስ አሁንም ደሜ ይፈላል። ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ስፌቱ ጥሩ መሆኑ ነው። ጠባብ እንደነበር ብተወው ኖሮ ቢያንስ እጃቸውን ሲያወጡ ይቸገሩ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የቴሌግራም ቻናላቸውን ከፈትኩ። ችግኝ ሲተክሉ የሚያሳይ ፎቶ ለጥፈዋል። በማግስቱ ለተማሪዎች ደብተር ሲያድሉ። ስለ አዋጁ አንድ መስመር የለም። ወደ ኋላ እየገፋሁ እስከ መጀመሪያው አነበብኩት፤ ከተመረጡ ጀምሮ ለአንድም ነገር ድምፅ የሰጡ ሰው አይመስሉም። «ማክሰኞ ለየትኛው ወገን እጅዎን እንዳወጡ ይንገሩን» ብዬ ጻፍኩ። ጥያቄዬ በአበባና በጭብጨባ ምልክቶች መሀል ጥቂት ቆየችና ጠፋች። ደግሜ ጻፍኩ፤ ደግማ ጠፋች።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ተወካያችን ከመራጮቻቸው ጋር የሚወያዩበት ስብሰባ ተጠራ። በዚያው ሰሞን ለሚ ኩራ ላይ ለአንዳንድ ተከራዮች፣ ሕጉ ባያስገድድም በትብብር፣ የመሥሪያ ሼድ ሊሰጥ ነው ተብሎ ስም ተመዝግቦ ነበር። የእኔና የእትዬ ስም ዝርዝሩ ላይ እንዳለ አንድ የወረዳ ሰው ነግሮናል። ሲነግረን ግን «አደራ፣ ረብሻ እንዳይኖር» ብሎ ነው። የክት ቀሚሴን፣ ራሴ የሰፋሁትን ሰማያዊውን ለብሼ ወጣሁ። እትዬ መንገድ ላይ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥይ።»

«ቆጡም ብብቱም የእኛ አልሆነ፣ እትዬ።»

«ሼዱ አለ አይደል?»

ክንዴን እንደያዙኝ መራመዴን ቀጠልኩ። እኔም ሼዱን እፈልገው ነበር።

አዳራሹ ሞልቷል። ተወካያችን መድረኩ ላይ፣ ከውሃ ጠርሙሶቹ ኋላ ተቀምጠዋል፤ የለበሱት ያንኑ ግራጫ ኮት ነው። ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ትራንስፖርት ከተጠየቀ በኋላ የግቢያችን ጫማ ሰፊ ተነስቶ በትሕትና ጠየቀ። ስለ ተከራዮቹ አንቀጽ ምን ብለው ድምፅ እንደሰጡ ማወቅ ነው የፈለገው።

«የእናንተን ጥቅም ለሚነካ ነገር እጄን አላወጣሁም፤ አላወጣምም!» አሉ ተወካያችን። ሰው አጨበጨበ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኼ ነው።

እጄን ሳላወጣ ብድግ አልኩ።

«እድል አልተሰጠዎትም» አለኝ ስብሰባውን የሚመራው ሰው።

«እንግዲያው ራሴ ወስጄዋለሁ» አልኩት። ከዚያም ወደ መድረኩ ዞሬ «ክቡር፣ ያንን ኮት የሰፋሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

ሰው ሳቀ። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ከቀኝ ብብታቸው ሥር ቀለሟ የሚለይ ቁራጭ ጨርቅ እንዳለች፣ ያስገባኋት እጅ ለማውጣት እንዲመቻቸው እንደሆነ፣ እጃቸውን ካላወጡ እንደማትታይ ተናገርኩ። «ያቺን ጨርቅ በቴሌቪዥን አይቻታለሁ» አልኩ። «የምትደግፉ ሲባል ነው ያየኋት።»

«እህቴ፣ ተሳስተው ይሆናል» አሉኝ። ክፍሌ ውስጥ አንቺ ሲሉኝ የኖሩ ሰው በሕዝብ ፊት እርስዎ አሉኝ። «ግራጫ የሚለብሰው እኮ ብዙ ነው።»

«ቀላል ነው፤ አሁንም ለብሰውታል። ቀኝ እጅዎን ያውጡና ሰው ይየው። ብብቱ ሥር ጨርቄ ከሌለች ቆሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ያን ሁሉ የለፋሁበት ክንድ ከውሃው ጠርሙስ ላይ አልተነሳም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የምንወስነው እንደ ቡድን ነው፣ አሠራር አለ» አሉ።

«እኔ የለካሁት የእርስዎን ክንድ ብቻ ነው» አልኳቸው።

መሪው ሰዓት አልቋል አለና የአቋም መግለጫ ወደ ማንበብ ገባ። ከስብሰባው በፊት የተጻፈ ነው። ተወካያችን ስለ እኛ ላደረጉት ያላሰለሰ ጥረት ምስጋናችንን እናቀርባለን ይላል። «የምትደግፉ?» ሲል ሰዉ እንደለመደው እጁን አወጣ። ጫማ ሰፊው ሳይቀር አወጣ። «የምትቃወሙ?» አለ መሪው ቀና ሳይል።

እጄን ወደ ላይ ሰደድኩት። የቀሚሴ ስፌት ከብብቴ ጀምሮ እስከ ጎኔ ተንጣጥቶ ተተረተረ። የሰው ብብት ሳሰፋ የኖርኩ ሴት፣ የራሴን ልብስ እጅ ይወጣበታል ብዬ ሰፍቼው አላውቅም ነበር። ገላዬ ታየ፤ ከኋላዬ ወጣቶች ሳቁ። አፈርኩ፤ ክንዴ ሊወርድ ፈለገ። አላወረድኩትም።

«እንግዲህ በሙሉ ድምፅ...» ብሎ መሪው ጀመረ።

«ሙሉ አይደለም!» አልኩ። «ቁጠረኝ!»

ቀና አለ። አጠገቤ እትዬ እጃቸውን አወጡ። ሼዱን እያሰቡ፣ እኔን በዓይናቸው እየተቆጡ አወጡት። ከዚያ ጫማ ሰፊው የመጀመሪያውን እርሳ ብሎ ደግሞ አወጣ፤ በያጁም ቀጠለ። ሌሎች ሦስትም ተከተሉና ሰባት ሆንን። መሪው በእስክሪብቶው እየጠቆመ ሰባታችንንም ቆጠረና ጻፈ።

በሳምንቱ የተወካያችን ሾፌር ኮቱን ይዞ ወደ ክፍሌ መጣ። ያቺ ቁራጭ በልኩ ግራጫ ትቀየር ብለዋል አለኝ። በእጁ እንደያዘው መለስኩለት።

«ጨርቋ ትቆያለች በላቸው። እሳቸው ከፈለጉ እጃቸውን የሚያወጡለትን ነገር ይቀይሩ።»

ሼዱን አላገኘንም። ዝርዝሩ ሲለጠፍ የእኔም የእትዬም ስም አልነበረም። ክፍሉም ክረምት ሳይገባ ፈረሰ። አሁን ለሚ ኩራ በተከራየሁት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሳሎኔ ውስጥ ነው የምንሠራው፤ ደንበኛ ሁሉ ደረጃውን እየረገመ ይወጣል። አልቆጨኝም ብዬ አልዋሽም። ያ ክፍል ጠዋት ጠዋት ይቆጨኛል፣ እትዬን ባየሁ ቁጥርም ያመኛል። እጄን ማውጣቴ ግን አንድም ቀን ቆጭቶኝ አያውቅም። ጫማ ሰፊው በየሳምንቱ ቻናላቸው ላይ «ማክሰኞ እጅዎ የት ነበር?» ብሎ ይጽፋል። ያጠፉታል፤ በማግስቱ ሌላ ሰው ይጽፈዋል።

የተቀደደውን ቀሚስ እትዬ ጣይው ቢሉኝም አልጣልኩትም። ልኩ የሆነ ሰማያዊ ጨርቅ ቤቴ ውስጥ ነበረኝ፤ አልነካሁትም። ከተወካያችን ኮት የተረፈችውን ጠቆር ያለች ግራጫ አውጥቼ ከብብቴ ሥር ገጠምኳት። አሁን እጄ እስከ መጨረሻው ይወጣል። ሲወጣ ግራጫው በሰማያዊው ላይ ከአዳራሹ ጫፍ ድረስ ይታያል። ይታይ።