የእትዬ መርፌ ዐሥራ አራት ቁጥር

ሰፈርተኛው «እትዬ መርፌ» ይላቸዋል። ሠላሳ ዓመት ከስፌት መኪና ፊት የተቀመጡ ሴት ናቸው፤ በመርፌ ጉዳይ ማንም እንዲያስተምራቸው አይፈልጉም። ዘጠኝ ቁጥር ለሐር፣ ዐሥራ አራት ለሸሚዝ፣ ዐሥራ ስምንት ለድንኳን። ደንበኛ ስስ ጨርቅ ይዞ መጥቶ «ቶሎ ይድረስልኝ» ካለ፣ መጀመሪያ መርፌውን ይቀይራሉ፣ ከዚያ ደንበኛውን ይቆጣሉ።

አንድ ቀን ገላቸውን ሲታጠቡ ግራ ጡታቸው ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል እብጠት ዳሰሱ። ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ነገር ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ እጅጌ ገልብጠው ሲገጥሙ፣ አንዱን ሱሪ ሦስት ጊዜ ሰፍተው ሦስት ጊዜ ሲፈቱ፣ ታናሽ እህታቸው ነቃችባቸውና እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ክፉው በሽታ እንዳይሆን በጣም ፈርተዋል። ሲፈሩ ደግሞ ይቆጣሉ።

ወጣቱ ሐኪም እብጠቷን በአልትራሳውንድ አየና፣ «ናሙና ወስደን እናስመረምራለን። ዐሥራ ስምንት ቁጥር መርፌ አለ፣ ደግሞም...» ብሎ ሳይጨርስ እትዬ መርፌ ከአልጋው ብድግ አሉ።

«ዐሥራ ስምንት? ልጄ፣ እኔ ድንኳን ነኝ?»

«እንዴት እናቴ?»

«ለእኔ ዐሥራ አራት አምጣ! የሸሚዙን!»

«እቴቴ፣ ሱሪ ሊሰፋልሽ መሰለሽ እንዴ?» አለች እህታቸው በሹክሹክታ።

ሐኪሙ ግራ ገባው። «እኔም ዐሥራ አራቱን ነበር ያሰብኩት» ብሎ ሁለቱን መርፌዎች ከነማሸጊያቸው አሳያቸው። እትዬ መርፌ መነጽራቸውን አድርገው ሲያዩ ዓይናቸው ፈጠጠ። ዐሥራ አራቱ ነው ወፍራሙ!

«የእኛ ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል» አላቸው።

«ይሄን ቁጥር የሰጠው ሰው ጤነኛ ነው?»

እህታቸው ሳቋ እንዳያመልጣት የመጋረጃውን ጫፍ አፏ ውስጥ ወተፈች።

«በል ዐሥራ ስምንቱን!»

«በእሱም ይቻላል፤ ግን የሚያወጣው ትንሽ ነው። ካልበቃ ደግመን ልንወጋዎት ነው። ወፍራሙ ደህና አድርጎ ያወጣል፣ መልሱም የታመነ ይሆናል። ቦታውን አስቀድሜ አደነዝዘዋለሁ።»

እትዬ መርፌ የራሳቸው ደንበኞች ትዝ አሏቸው። ስንቱ ደንበኛ አንዲት ክር መዝዞ አምጥቶ «ይህን ጨርቅ ይለዩልኝ» ብሏቸዋል! እሳቸውም «ክሩን ወዲያ በለው፣ ቁራጩን አምጣ» እያሉ መልሰውታል።

«ቁራጭ ውሰድ» አሉና ተጋደሙ።

ከማደንዘዣው በኋላ መርፌውን የያዘው መሣሪያ ቀጭ! አለ። «መኪናህ ዘይት ይፈልጋል» አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው። ተዝለፍልፋ የወደቀችው እህታቸው ናት። ለእሷም አልጋ ተፈለገላት።

ከዚያ ሳምንት ሙሉ እትዬ መርፌ እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም፤ የስፌት መኪናውንም አልነኩም። በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ወረቀቱን አነበበና፣ «ካንሰር አይደለም። ጉዳት የሌለው እጢ ነው» አላቸው።

«ድገመው።»

ደገመው።

«አሁንም ድገመው።»

በሦስተኛው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። እህታቸውም አቅፋቸው አለቀሰች።

«ቁራጩ በቃህ?» አሉ በመጨረሻ።

«በቃኝ፣ እናቴ። ሁለተኛ አልወጋዎትም።»

«ተመስገን» አሉና አፍንጫቸውን ጠረጉ። «ቢሆንም ያንን ቁጥራችሁን አስተካክሉ።»