አዲሱ ላፕቶፕ መጣ ተብዬ ዳንግላ የሄድኩ ዕለት

ስሙኝ እስቲ። ቁጭ በሉና ስሙኝ፤ ይሄን ሳልተነፍሰው ብውል እፈነዳለሁ።

ግምጃ ቤት ነው የምኖረው፣ ሥራዬ ሠርግ መቅረጽ ነው። ከትምህርት ጋር አሥረኛ ክፍል ላይ ተለያይተናል፤ ካሜራ ግን ማንም ሳያስተምረኝ ነው የለመድኩት። ካሜራዬ ምንም እንከን አይወጣለትም። ጉዱ ላፕቶፔ ነው። የካሜራውን ቪዲዮ ስጭንበት ዳገት ላይ እንደለገመ የጋሪ ፈረስ ቀጥ ይላል። ብትለምነው አይሰማ፣ ብትሰድበው አይሰማ። ማራገቢያው ብቻ ይጮኻል።

ባለፈው ጥር የአያ ደሴን ልጅ የብርቱካንን ሠርግ ቀረጽኩ። አያ ደሴ ጎረቤታችን ናቸው። ዓይናቸው ግፊት አለበት፤ ሐኪሙ «የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን እናቆየው» ብሏቸዋል። በሠርጉ ዕለት ጠላው ጎደለ፣ እንግዳው ቆመ ሲሉ፣ ልጃቸውን በቅጡ ሳያዩዋት ሙሽራውና ሚዜዎቹ ይዘዋት ሄዱ። ከዚያም ባሏ ሥራ ወዳለበት ሐዋሳ ገባች። አያ ደሴ ባገኙኝ ቁጥር አንድ ነገር ነው የሚሉኝ፦ «አንተ ልጅ፣ ዓይኔ ሳይጨርስ አሳየኝ እንጂ!»

ለምን አታሳያቸውም ትሉኝ ይሆናል። ምኑን? ጥሬውን? እኛ ዘንድ ጥሬ ሥጋ ይበላል እንጂ ጥሬ ቪዲዮ አይታይም! ሙሽራዋ ቀስ ብላ ካልዞረች፣ አበባ ካልዘነበባት፣ ፈረሰኞቹ በዘፈን ታጅበው ካልገቡ «ይሄም ቀራጭ ተባለ!» ተብዬ ሁለተኛ ሠርግ አልጠራም። ለዚህ ሁሉ ደግሞ ፈጣን ላፕቶፕ ያስፈልጋል።

ዳንግላ ቢኒ የሚባል ላፕቶፕ ሻጭ አለ። የካቲት ላይ ብደውልለት «አሁን እንዳትገዛ! ከፋሲካ በኋላ አዲስ አንጎል፣ አሥራ ሦስተኛ ጄኔሬሽን ፕሮሰሰር ያለው ይገባል፣ የዚህን እጥፍ ነው የሚፈጥነው» አለኝ። ጠበቅኩ። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ «ክረምቱ ይውጣ። ሌላ ሞዴል ወጥቷል፤ እሱ ሲገባ የድሮው ዋጋ ይወርዳል» አለኝ። ጠበቅኩ። ዋጋው ወጣ እንጂ ምን ወረደ! እኔም ስልኬ ላይ ያልመጣ ላፕቶፕ እያየሁ ስመኝ ከረምኩ። ጓደኞቼ ሚስት ያልማሉ፣ እኔ ፕሮሰሰር አልማለሁ። ኅዳር ላይ ቢኒ ራሱ ደወለ፦ «መጥቷል። ቶሎ ና!»

ከግምጃ ቤት ስነሳ

ጠዋት መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆሜ አያ ደሴ በዱላቸው መንገዱን እየነካኩ መጡ። «እንደምን አደሩ አያ ደሴ» ስል በድምፄ ነው ያወቁኝ። የዛሬ ዓመት ከሩቅ በአረማመዴ ነበር የሚለዩኝ።

«ወዴት ነህ በጠዋት?»

«ዳንግላ። ፈጣን ላፕቶፕ ላመጣ። የብርቱካንን ሠርግ ልጨርስልዎ።»

«እንዴት ያለ ፈጣን?»

«በጣም ፈጣን።»

«እንግዲያስ ዛሬ ማታ አየዋለሁ በለኛ!»

ምን ልበል? «አዎ፣ ማታ ያዩታል» አልኩ። ከአፌ ወጣ። ረዳቱም «ኮሶበር! ኮሶበር!» እያለ በሩን ዘጋብኝ።

እንጅባራ

እኛ አሁንም ኮሶበር ነው የምንላት፣ ወረቀት ላይ እንጅባራ ናት። ስንደርስ ካፊያ ነው፣ ብርዱ ጣት ይቆርጣል። የአየሩ ነገር እንደሆነ እዚህ ከኅዳርም ከሐምሌም አይስማማም። አንዲት ሻይ ቤት ገብቼ ትኩስ ድንች በአዋዜ አዘዝኩ። ሠላሳ ብር። የላፕቶፕ ዋጋ እንደ ድንች ቢሆን ኖሮ እስካሁን አሥር ነበረኝ።

አጠገቤ ላፕቶፕ በቦርሳ የያዘ ተማሪ ተቀምጧል። ለምን እንደምሄድ ስነግረው ሻዩን አስቀመጠ።

«ብሮ፣ እንዳትሸወድ! ራሱ የሚያስብ ቺፕ ያለው እየመጣ ነው። አሁን ከገዛህ ተበላህ።»

«ምንድን ነው የሚያስበው?»

«ሁሉን ነገር። ቪዲዮውን ራሱ ይቆርጥልሃል።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«ወጥቷል'ኮ! እኛ ጋ ነው ያልደረሰው።»

«አንተስ ምን ይዘሃል?»

ቦርሳውን ወደ ጎን ገፋ አደረጋት። «የወንድሜ የድሮ ናት። እኔም ያኛውን እየጠበቅኩ ነው።»

ልመለስ? ልሂድ? ዛሬ የምገዛው ነገ አሮጌ ከሆነ፣ ነገ የምገዛውስ ከነገ ወዲያ ምን ሊሆን ነው? ለአያ ደሴ ማታ ብያለሁ ግን። ሄድኩ።

መንገዱ

ከእንጅባራ ዳንግላ አስፋልት ነው፣ ዛሬ ሰላም ነው ተብሏል። ግራ ቀኙ ዲከረንስ ነው፤ ገበሬው ለከሰል የሚተክለው ዛፍ። አዲስ ቅዳም ስትደርስ ከሰሉ በማዳበሪያ እየታሰረ መንገድ ዳር እንደ ግንብ ተደርድሯል። አንድ ሰው ያምር የነበረ ቀይ ፈረስ ጋሪ ላይ ጠምዶ ያን ያህል ከሰል ጭኖበታል፤ አናደደኝ። ትኬቱ መቶ ሃያ ብር ነው፣ ረዳቱ መቶ ሃምሳ ተቀብሎ መልስ ሲጠየቅ ጆሮው አይሰማም።

ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን። ፈታሹ ከኪሴ ፍላሽ አወጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሠርግ ነው።»

«እዚህች ውስጥ?»

«ከነፈረሰኞቹ።»

ሳቀና መለሰልኝ። «ድግሱ ሳያልቅ ድረስ በል!» አለኝ። ምን ያውቃል፣ ድግሱ ካለቀ ዓመት ሊሞላው ነው።

ፍላሿን የያዝኩት ላፕቶፑን ልሞክርበት ነው። በእኛ በአዊ ፈረስ ሳይጋለብ አይገዛም።

ዳንግላ

ከመናኸሪያ በባጃጅ ቢኒ ሱቅ ደረስኩ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ዘፈን ይለቃል፣ አንዲት እናት የስልካቸውን ባትሪ ለማስቀየር ተቀምጠዋል። ቢኒ በሽቶ ተነክሮ ከመደርደሪያው ኋላ ብቅ አለ።

«ወንድሜ ደረስክ? እየውማ!» ካርቶን አወጣ። ተለጣፊው ላይ የፕሮሰሰሩ ዓይነት አይ ሰቨን ይላል። ሃምሳ ስምንት ሺህ ብር።

«አዲሱ ይሄ ነው?»

«አዎ። ማለቴ፣ ለኛ አዲስ ነው።»

«ለኛ ማለት?»

«ስምንተኛ ጄኔሬሽን ነው። ዱባይ ትንሽ ተሠርቶበታል፣ ግን ንጹሕ ነው።»

«አሥራ ሦስተኛ አላልከኝም?»

«አሥራ ሦስተኛው አይ ፋይቭ ነው፣ እሱ ሌላ ነው።»

«አይ ፋይቭ ይሻላል አይ ሰቨን?»

«አይ ሰቨን ነዋ!»

«ስለዚህ ይሄ ስምንተኛው ከአሥራ ሦስተኛው ይሻላል።»

«አይ፣ አሥራ ሦስተኛው ይሻላል።»

«ቆይ፣ አምስት ከሰባት ይበልጣል?»

«አንዳንዴ።»

አንዳንዴ! አሥረኛ ላይ ባቆምም አምስት አንዳንዴ ከሰባት ይበልጣል ያለኝ መምህር አላጋጠመኝም። ራሙስ፣ ሜሞሪው ማለቴ ነው፣ ስንት ነው ብለው «ስምንት ነው፣ አሥራ ስድስት እናደርገዋለን፣ ራሙ ሲመጣ» አለኝ። እሱም ይመጣል! መንገድ ላይ ነው አሉ። እዚህ አገር መንገድ ላይ ያልሆነ ነገር የለም።

«እሺ፣ ጥርሱን አሳየኝ» አልኩት።

«ምኑን?»

«እኛ ፈረስ ስንገዛ ሻጩ ስድስት ዓመቱ ነው ስላለ አናምንም። ከንፈሩን ገልጠን ጥርሱን እናያለን፣ ከዚያ ጋልበን ዳገት እናስወጣዋለን። ክፈተውና ይሄን ሠርግ ልጫንበት።»

«ታሽጓል ባክህ! ፕላስቲኩ ከተቀደደ ማን ይገዛኛል?»

«ዱባይ ሲሠራ ከርሞ አሁን ድንግል ሆነ?»

እናትዮዋ መሳቅ ጀመሩ። «እውነቱን እኮ ነው ልጄ! ክፈትለት እንጂ፣ ቲማቲም እንኳ ተነክቶ ነው የሚገዛ።»

ቢኒ ደሙ ፈላ። «እማማ፣ ችግሩ የኔ ዕቃ አይደለም። የሱ ፋይል ነው የተበላሸ! ላፕቶፑ ላይ ቀጥ የሚለው ለዚህ ነው። አምጣ ፍላሽህን፣ ሰው ይየው!» ብሎ ነጠቀኝና ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ውስጥ ሰካት። እንደማይከፍት ለማሳየት ነው እንግዲህ።

ከፈተ።

ሳይቆም፣ ሳይንተፋተፍ፣ ኩልል ብሎ ወረደ። ብርቱካን ከጓዳ ስትወጣ፣ ቬሏ በሩ ላይ ሲያዝባት፣ ሚዜዋ ስታላቅቅላት። ፈረሰኞቹ አቧራውን እያስነሱ ሲመጡ። ባጃጅ ነጂው ሞተሩን አጥፍቶ በሩ ላይ ቆመ። መንገደኛ ገባ።

«ኧረ እንዴት ታምራለች!»

«የማን ልጅ ናት?»

«ያንን ግንባሩ ነጭ ቦራ ፈረስ እዩት፣ እዩት!»

አበባ የለ፣ ዘፈን የለ፣ ቀስ ብሎ መዞር የለ። አንድ ሰው «ኢፌክቱስ የታለ?» አላለም። እናትዮዋ ባትሪያቸውን ረስተው እልል አሉ።

«አየህ፣ ፋይልህስ ደህና ነው» አለ ቢኒ፣ ድምፁ ሟሟ።

«ደህና ከሆነ ይሄን ምን ላደርገው ነው የምገዛህ?»

«ለኤዲት ነዋ። ለማስተካከል።»

እናትዮዋ ወደኔ ዞሩ። «ይቺን የመሰለች ልጅ ምኗን ልታስተካክል ነው?»

ያኔ ትዝ አለኝ። እንዲህ ያለ ቴሌቪዥን አያ ደሴ ቤት አለ። ብርቱካን ስትሄድ የገዛችላቸው ነው፣ ጥልፍ ልብስ ለብሶ ሳሎን ተቀምጧል። ከኔ በር በድንጋይ ውርወራ ነው ያለው። ፍላሿም ከጥር ጀምሮ መሳቢያዬ ውስጥ ነበረች።

ፍላሼን ነቅዬ ስወጣ ቢኒ ተከትሎኝ ወጣ። ትከሻዬን ይዞ «ካልቸኮልክ ግን ከጥምቀት በኋላ የሚገባው...» ሲል፣ የመለስኩለትን እዚህ አልጽፈውም። እናትና አባት ያነቡታል።

መልስ

መመለሻው ላይ መስኮቱን ተደግፌ ስሳደብ ነው የመጣሁት። ማንን እንደምሳደብ ግን አላውቅም። ቢኒን? ተማሪውን? ያንን ስልኬ ላይ እየተሽከረከረ የሚያማልለኝን ያልመጣ ላፕቶፕ? ወይስ ራሴን? አዲስ ቅዳም ላይ ዝናቡ ወረደ፣ እንጅባራ ላይ ጉም ዋጠን፣ ሹፌሩ በመብራት እየዳበሰ ነው የነዳው። ግምጃ ቤት ስገባ መሽቶ ነበር። ቤቴ አልገባሁም፣ ቀጥታ አያ ደሴ ዘንድ።

«ፈጣኑን አመጣኸው?» አሉኝ በሩን እንደከፈቱ።

«አይ። ሠርጉን ግን አመጣሁት።»

ጥልፉን ገፍፌ ፍላሿን ሰካሁ። በርጩማቸውን እየሳቡ፣ እየሳቡ፣ ጉልበታቸው ቴሌቪዥኑን ነካ። ብርቱካን ከጓዳ ወጣች።

«የቷ ናት?»

«ነጭ የለበሰችው ናት አያ ደሴ። መሐል ላይ ያለችው።»

«ነጭ ነገርስ አያለሁ» አሉ። ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው ተከተሏት። «ይቺ ነጯ ናት?»

«አዎ።»

«ፊቷን አቅርብልኝ።»

በሪሞቱ አቀረብኩላቸው። የብርቱካን ፊት መስታወቱን ሞላው። አያ ደሴ ጭንቅላታቸውን ወደ ቀኝ አዘነበሉ፣ ወደ ግራ አዘነበሉ፤ በዳር በዳር ትታያቸው እንደሆነ እየሞከሩ ነው። ያኔ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ብርቱካን ተጣራች፦ «አባዬ፣ ና እንጂ አብረን ፎቶ እንነሳ!» የራሳቸው ድምፅ ከሩቅ መለሰላት፦ «ቆይ ልጄ፣ እንግዳውን ልሸኝ፣ ቆይ!»

አያ ደሴ እጃቸውን ከመስታወቱ ላይ አላነሱም።

«ፋሲካ ላይ እኮ ሰዓት እንኳ አነብ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ፣ «መልሰው፣ ድምፅዋን መልሰው» አሉኝ። መለስኩት። ደግሞ መለስኩት።

ጉዞው ምን አስተማረህ ካላችሁ፣ አምስት አንዳንዴ ከሰባት እንደሚበልጥ ነው የተማርኩት። ሌላው አልገባኝም። አሁንም ሠርግ አለብኝ፣ አሁንም ላፕቶፔ ይለግማል፣ አሁንም ነገ ልግዛ ልጠብቅ አላውቅም። እናንተን ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፣ እናንተ የምትሠሩት፣ የምታስመጡት፣ የምትሸጡት፣ አንዱን ሳታወርዱ ሌላው እየመጣ ነው የምትሉን፦ ይህን ያህል ፈጣን ከሆነ፣ ለአያ ደሴ ዓይን ለምን አልደረሰም?