መጨረሻው በጆሮ

በባሕር ዳር፣ በፋሲሎ ክፍለ ከተማ፣ አንዲት ክፍል ብቻ ባላት የልጆች ንባብ ቤት፣ ቅዳሜ ጠዋት የሚከበር አንድ ደንብ አለ። የወደደውን መጽሐፍ ለሌሎች ልጆች "አንብቡት" ሊል የፈለገ ልጅ መጀመሪያ ወደ ቤቱ ኃላፊ፣ ወደ ባንቺአየሁ፣ ጠረጴዛ ይሄዳል። እሷ ጎንበስ ትላለች። ልጁ በሁለት እጁ አፉን ከልሎ የመጽሐፉን መጨረሻ በጆሮዋ ይነግራታል። ልክ ከሆነ "ተናገር" ትለዋለች፤ ወጥቶ በልጆቹ ፊት ይቆማል። ልክ ካልሆነ ቀና ብላ ሁሉም እንዲሰማ "ተመልሰህ አንብብ" ትላለች፤ ልጁም በመስኮቱ ሥር ባለችው ዝቅተኛ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ መጽሐፉን እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። መጨረሻውን ጮክ ብሎ መናገር ግን ለማንም አይፈቀድም።

እኔም በአሥራ አንድ ዓመቴ በዚያች አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ። የመጨረሻዎቹን ሃያ ገጾች ዘልዬ ገምቼ ነበር የነገርኋት። "ግምትሽ ጥሩ ነው፤ እስኪ ደግሞ ማንበብ ሞክሪ" አለችኝ። ዛሬ ትልቅ ሆኜም ቅዳሜ ሲመጣ እግሬ ወደዚያው ይወስደኛል። የልጆቹን ንግግር መስማት እወዳለሁ።

"ይቺን አንብቧት" ይላል የአሥራ ሁለት ዓመቱ አካሉ፣ አንዲት መጽሐፍ ከፍ አድርጎ። "ቀጭን ናት። ሰነፍም ይጨርሳታል።"

"አንተ ከጨረስሃትማ!" ይላል ከኋላ አንዱ።

ወንጌላዊት የመሪጌታ ልጅ ናት፤ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። "ይህን ስታነቡ ወንድማችሁ አጠገብ አትቀመጡ" ትላለች። "ስታለቅሱ ያያችሁና እስከ ፋሲካ መሳቂያ ያደርጋችኋል።"

እንግዶች ሲመጡ ደንቡ ይገርማቸዋል። ልጆቹ ከልብ እንዲያነቡ የተዘየደ ነው ብለው ያመሰግኗታል። የወንጌላዊት አባት፣ መሪጌታ ወልደ ጻድቅ፣ "ከእኛ ጉባኤ ቤት የወሰደችው ነው፤ ተማሪ በመምህሩ ጆሮ ሳይፈተን አደባባይ አይወጣም" ይላሉ። ባንቺአየሁ ለሁሉም ፈገግ ትላለች። አንድ ቀን ግን መደርደሪያ ስናጸዳ ነገሩን ለእኔ አወጣችው። ያን ደንብ የወለደው ቂም ነው።

ባንቺአየሁ የይፋግ ልጅ ናት። አባቷ ሩዝ አምራች ገበሬ ነበሩ። ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ ባሕር ዳር አክስቷ ዘንድ መጥታ ተማሪ ቤት ገባች። ከከተማ ልጆች ጋር ማውራት ያስፈራት ስለ ነበር የዕረፍት ሰዓቷን በቤተ መጻሕፍቱ አሳለፈች፤ እዚያም ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ መጽሐፍ አገኘች። ስሙ "የጠፋው ቀዛፊ" ነው። አባቷ በታንኳ ወጥቶ የቀረባት አንዲት ልጅ ከደሴት ደሴት እየዞረች ትፈልገዋለች። ባንቺአየሁ ሦስት ጊዜ አነበበችው።

በዚያ ዓመት መምህራቸው ለክፍሉ አንድ ነገር አስታወቁ፤ የሚወደውን መጽሐፍ ከሁሉ አሳምሮ የተናገረ ተማሪ በወላጆች ቀን መድረክ ላይ ይወጣል። ባንቺአየሁ አራት ገጽ ጻፈች። አባቷ ከይፋግ መጥተው እሷን መድረክ ላይ ሲያዩዋት ይታያት ጀመር። ከጎኗ የምትቀመጠው ውዴ አበራ የምትባል፣ ፀጉሯ ሁልጊዜ የተሠራ፣ ሳቂታ ልጅ ነበረች። "እንዴት አድርገሽ እንደ ጻፍሽው እስኪ ልይልሽ" ብላ ደብተሩን ወስዳ በማግስቱ መለሰች።

በቀኑ የውዴ ተራ ቀደመ። ቆመችና አራቱን ገጽ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አነበበችው። ክፍሉ አጨበጨበ። የባንቺአየሁ ተራ ሲደርስ በእጇ የነበረው ያው ነበር፤ ሌላ ምን ታንብብ? ሁለት መስመር እንዳነበበች መምህሩ አስቆሟት። "ከጎንሽ ካለችው መቅዳት አያሳፍርሽም?" አሏት። ውዴ አንገቷን አቀረቀረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማሪው ሁሉ ባንቺአየሁን "ቅጂዋ" እያለ ጠራት፤ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል። አባቷ ለወላጆች ቀን ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ፤ ውዴን አጨብጭበውላት ሄዱ።

"አራቱን ገጽ እንጂ መጽሐፉን አላነበበችውም" አለችኝ ባንቺአየሁ፣ ጨርቁን እየጠመዘዘች። "አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ 'መጨረሻው ምንድን ነው?' ብሎ ቢጠይቃት ኖሮ አለቀላት። የጠየቀ የለም። እኔ ግን እጠይቃለሁ አልሁ። ይህን ቤት ሲሰጡኝ መጀመሪያ ያወጣሁት እሱን ነው።"

ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ለመመዝገብ መጣች። ስሟ ሩሐማ ነው። "የወላጅ ስም?" ስትላት "ውዴ አበራ" አለች። ባንቺአየሁ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ልጅቷን ዓይን ዓይኗን አየቻት። ቂሟን በልጅቷ ልትወጣ አስባ ነበር። ሩሐማ ግን በመጀመሪያው ቅዳሜ አንድ መጽሐፍ ጨረሰች፤ በሁለተኛው ሁለት። በጆሮ ስትናገር ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፤ ደንቡንም እንደ ጾም ትጠብቀው ነበር። "እሷ የእኔው ናት" አለችኝ ባንቺአየሁ። "የምፈልገው እናትየዋን ነው።"

ስለዚህ ዘንድሮ አንድ ቅዳሜ ለወላጆች ተደረገ። ወላጆች መጥተው ልጅ ሳሉ የወደዱትን መጽሐፍ ለልጆቹ እንዲነግሩ ግብዣ ተጻፈ። ባንቺአየሁ የሩሐማን ወረቀት በእጇ ሰጥታ እንዲህ አለቻት፦ "እናትሽ ተማሪ ሳለች ስለ አንድ መጽሐፍ ተናግራ ክፍሉን ሁሉ አስጨብጭባ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ። እሱን ትንገረን በያት።"

"እማ?" አለች ሩሐማ። "እማ ታነባለች እንዴ?"

ቅዳሜው መጣ። ክፍሉ ሞላ። መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ቀድመው ጎንበስ ብለው በጆሮዋ ተናገሩና "ይናገሩ" ተባሉ፤ ስለ አንዲት ተንኮለኛ ጦጣ የተጻፈ ተረት እየነገሩ ልጆቹን አሳቋቸው። ቀጥሎ ውዴ ተነሣች። አሁን በአንድ መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ ናት። የጫማዋ ተረከዝ ሲሚንቶውን ቀጭ ቀጭ እያደረገ፣ የታጠፈ ወረቀት ይዛ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። የባንቺአየሁን እጅ በሁለት እጇ ጨበጠች።

"ልጄ ስለ እርስዎ ሳታወራ አትውልም" አለቻት። አላወቀቻትም።

"ብታውቀኝ ኖሮ ምናልባት እተወው ነበር" አለችኝ ባንቺአየሁ በኋላ። "ስሜን ብትጠራ።"

ጎንበስ አለች። ውዴ በጆሮዋ ተናገረች፤ ተናግራ ከጨረሰችም በኋላ ባንቺአየሁ ጥቂት ጊዜ እንደ ጎነበሰች ቆየች። ከዚያ ቀና አለች። ለሌሎቹ ወላጆች ሁሉ "እርስዎ" ስትል የነበረችው ሴት፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ "ተመልሰሽ አንብቢ" አለች።

ልጆቹ በአንድ አፍ ጮኹ። "ተመለሰች! ተመለሰች!"

የውዴ ፊት ቀላ። "ምን ማለት ነው? አባትየውን ጉማሬ ገድሎት አጥንቱን ታገኛለች አይደል እንዴ?"

"ኧረ ጉድ! መጨረሻውን ተናገረች!" አለ አካሉ፣ ራሱን ይዞ። "ደግሞ እኮ ልክ አይደለም!"

"ሩሐማ!" ውዴ ወደ ልጅዋ ዞረች። "አንቺ አይደለሽም እንዴ ጉማሬ ነው ያልሽኝ?"

ሩሐማ ቆመች። የቀሚሷን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች። "እማ፣ መጨረሻ እኮ አይነገርም" አለች። "አልለቅሽ ስትይኝ የውሸት ፈጥሬ ነገርሁሽ። መጽሐፉን ቦርሳሽ ውስጥ ከትቼልሽ ነበር። ታነቢዋለሽ ብዬ።"

ያን ጊዜ ወላጆቹም ሳቁ። መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ሳቃቸውን በነጠላቸው ደብቀው "ይቀመጡ ልጄ፣ እኔም በልጅነቴ ስንት ጊዜ ተመልሻለሁ" አሏት፤ በቅንነት ነበር፤ ለውዴ ግን ከሳቁ የባሰ ነበር። አካሉ አግዳሚዋን አሳያት። "የተመለሰ ሰው እዚያ ነው የሚቀመጥ፣ እትዬ።" ውዴ ሳትቀመጥ ወጣች። ባንቺአየሁ በሩ እስኪዘጋ አየቻት፤ ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት የቀረባትን ጭብጨባ የምትሰማ ይመስል ነበር ፊቷ። ሩሐማ ግን ወደ እናቷ ሮጠች። "ልጅቷን አላየኋትም" አለችኝ ባንቺአየሁ ሌላ ቀን። "ላያት አልፈለግሁም።"

ያ ሁሉ ሆኖም በሚቀጥለው ቅዳሜ ውዴ ተመለሰች። ሩሐማ ናት ያመጣቻት ይመስለኛል፤ እጇን ይዛ ነበር የገባችው። በዚያን ቀን ያደረገችው ነጠላ ጫማ ነበር። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አደረገች፤ ጎንበስ አለችና በባንቺአየሁ ጆሮ ለረጅም ጊዜ ተናገረች። አጠገባቸው የመጻሕፍቱን ካርድ እደረድር ስለ ነበር ቃል በቃል ሰማሁ። ምን እንዳለች እዚህ አልጽፍም፤ የፈለገ መጽሐፉን ፈልጎ ያንብብ። ልክ ነበር ግን። ከልክም በላይ፤ ስትጨርስ ዓይኗ እርጥብ ነበር።

ባንቺአየሁ ቀና አላለችም። "አላወቅሽኝም?" አለቻት ቀስ ብላ።

ውዴ ትኩር ብላ አየቻት። "እንተዋወቃለን እንዴ?"

"ቅጂዋ ነኝ።"

የውዴ እጅ ከጠረጴዛው ላይ ተነሣ። "ባንቺ…" አለች። "ልጆች ነበርን እኮ።"

"እኔም ልጅ ነበርሁ" አለች ባንቺአየሁ። ከዚያ ቀና ብላ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ፣ "ተመልሰሽ አንብቢ!" አለች።

ውዴ ልትከራከር የምትችል ሴት ናት፤ ሥራዋም እሱ ነው። አልተከራከረችም። መጽሐፉን አነሣች፤ በመስኮቱ ሥር ባለችው አግዳሚ ላይ ጉልበቷ አገጯ እስኪደርስ ተጣጥፋ ተቀመጠች፤ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች። ሩሐማም የራሷን መጽሐፍ ይዛ ከጎኗ ተቀመጠች።

ልጆቹ ሲበታተኑ ወደ ባንቺአየሁ ጠጋ አልሁ። "እትዬ ባንቺ፣ ልክ እኮ ነበረች።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ እስከ መቼ ነው የምትመልሻት?"

ካርዶቹን ከእጄ ተቀብላ አስተካከለቻቸው። አግዳሚዋን አየች፤ ውዴ ሁለተኛውን ገጽ ገልጣ ነበር።

"የወሰደችብኝ አራት ገጽ ነው" አለች። "የመለስኋት ገና ሁለት ጊዜ።"