የሚዞረው ባርኔጣ

ስቶክሆልም በሚገኝ ሙዚየም የጥንት የጀርመን ሥዕሎችን ክፍል የምትጠብቀው ጽጌ፣ ሽማግሌውን በየረቡዑ ታያቸዋለች። ከከተማው ዳር ከኖርስቦሪ ድረስ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ በቱነልባና ነው የሚመጡት። ካፖርታቸው ክርኑ ላይ ተጥፏል፤ ጫማቸው ግን ሁልጊዜ እንደተወለወለ ነው። በመዳብ ተቀርጾ ወረቀት ላይ ከታተመው የእመቤታችን ስደት ፊት ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ያማትባሉ። ከዚያ የቀኝ ጣታቸውን ባርኔጣው አናት ላይ ይተክሉና በግራ እጃቸው ባርኔጣውን ቀስ እያደረጉ ያዞሩታል። ጣታቸው ይንቀጠቀጣል።

«አባባ፣ ምን ዓይነት ጸሎት ነው?» አለቻቸው አንድ ቀን።

«ጸሎት አይደለም ልጄ። መስቀል ስቀርጽ ነው የኖርኩት። ይኼ የእመቤታችን የብርሃን አክሊል ይታይሻል? ክብ ሲቀረጽ መሮው ባለበት ይቆማል፤ የሚዞረው መዳቡ ነው። ጀርመኑም አውቆበታል።» ቀኝ እጃቸውን አዩት። «ከታመምኩ ወዲህ ይቺ አልቆም ብላኝ መሮ ካነሳሁ ቆየሁ፤ በባርኔጣ እያለማመድኳት ነው።»

ባለፈው ረቡዕ ሳይመጡ ቀሩ። ጽጌ ክፉ ክፉውን ስታስብ ሰነበተች።

ዛሬ መጡ። አማተቡ፤ ባርኔጣውን ግን አላዞሩትም፣ ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡት። የግራ አውራ ጣታቸው በፕላስተር ተጠቅልሏል።

«ውይ አባባ! ምን ቆረጠዎት?»

«መሮ!» አሉ፣ ሎተሪ እንደወጣለት ሰው ፊታቸው በርቶ።